መስታወቱ ላይ የቀረ እጅ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15፤ ቶየን

ልጄ ሳራ ዛሬ በግድ ይዛኝ ወጣች። «አባዬ ከሞተ ሁለት ወሩ፤ ከሥራና ከቤት በቀር የት ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። በባቡር ወደ ደቡብ፣ ፍሬድሪክስታድ ወደምትባል ከተማ ወረድን። ወንዙን በጀልባ ተሻግረን አሮጌውን ከተማ ዞርን። ግንቡንም መድፎቹንም አየሁ። «ያምራል» አልኩ። ምንም አልተሰማኝም።

ሙዚየም ውስጥ ሳራ ስለ ድሮ ወታደሮች ልብስ ታነብልኛለች፤ እኔ የማየው ልብሱ ያለበትን ሳጥን መስታወት ነው። የሰው ጣት አሻራ ሞልቶበታል። ሃያ ዓመት በሰው አገር ቢሮ ያጸዳ እጅ መች ያርፋል፤ ሳላስበው በጥቁር ነጠላዬ ጫፍ ወለወልኩት። «እማዬ፣ ዛሬ እኮ እንግዳ ነሽ!» ብላ ሳቀች።

የቤቴን መግቢያ መስታወት ግን ሁለት ወር ሙሉ አልነካሁትም። ባለቤቴ ከበደ ጫማውን ሲያደርግ በእጁ ይደገፈው ነበር፤ አምስቱም ጣቶቹ ቀርተውበታል። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም።

ስንመለስ ሻይ ልጥድ ወጥ ቤት ገባሁ። ስወጣ ሳራ ጨርቅ ይዛ መግቢያው ላይ ቆማለች።

«የሰውን ስትወለውዪ የራስሽ ቆሽሾ! ወለወልኩልሽ» አለችኝ።

«ጃ፣ እሺ፣ ተባረኪ የኔ ልጅ» አልኳት። ሻይዋንም ቀዳሁላት።