በክሪስቲ ኩሽና ሰዓት የጠፉ 412 ቀናት

ቀን፦ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2026

ለታማራክ ካውንቲ ፍርድ ቤት
ጠጥተው ደጋግመው ላሽከረከሩ ሰዎች የሕክምና ክትትል ችሎት
ለክብርት ዳኛ ማርሴላ ቲቦዶ
ሚሺጋን

አመልካች፦ ሮድኒ ኪኑነን፣ ዕድሜ 58፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ

ጉዳዩ፦ ሰኞ ፌብሩዋሪ 9 ቀን ባመለጠኝ የሽንት ምርመራ ምክንያት የተሰረዙብኝ 412 ቀናት እንደገና እንዲታዩልኝ ስለመጠየቅ

ክብርት ዳኛ፤

ባለፈው ረቡዕ ቆሜ ስከራከር «አቶ ኪኑነን፣ እዚህ አይጨቃጨቁ፤ ያለዎትን ጽፈው ያቅርቡ፤ ደግሞ አያንዛዙት» ብለውኛል። ላለማንዛዛት እሞክራለሁ። ይህን ወረቀት ስጽፍ አራት ጊዜ ከወንበሬ ተነስቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ ምድጃው ላይ እንጨት ጨምሬያለሁ። ቤቱ እሳት ሆኗል፤ እኔ ግን አሁንም መቀመጥ አቅቶኛል።

1. በዚህ ችሎት ሥር የገባሁት ጠጥቼ ሳሽከረክር ለአራተኛ ጊዜ ተይዤ ነው። የተፈረደብኝ የሦስት ዓመት እስር ታግዶ፣ በእስሩ ፈንታ ፕሮግራሙን እንድፈጽም ተፈቅዶልኛል። ካፈረስኩ ሦስቱ ዓመት ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። እንዴት እንደተያዝኩ መዝገቡ ላይ አለ፤ ቢሆንም በራሴ እጅ ልጻፈው። ዲሴምበር 24 ቀን 2024፣ የገና ዋዜማ፣ እንደ ልማዳችን ቤተሰቡ ሁሉ እኔ ቤት ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ገብቶ ነበር። የልጅ ልጄን አይሊን «እኔ ቤቷ አደርሳታለሁ» ብዬ ከኋላ ወንበር አስቀምጬ ነዳሁ፤ የበረዶ ክምር ውስጥ ገባን። አራት ዓመቷ ነበር። ጭረት እንኳ አልነካትም። ፖሊሱ ሲያወጣት ግን «አያቴ አልጠጣም፤ እንቅልፍ ወስዶት ነው» ብላዋለች። ይህን ያወቅሁት መዝገቡ ሲነበብ ነው። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

2. ደንቡን አላውቅም ነበር አልልም። ለእያንዳንዳችን ቀለም ተሰጥቶናል፤ የእኔ ቡናማ ነው። በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት በኋላ እንደውላለን፤ የተቀዳው ድምፅ የዕለቱን ቀለም ይናገራል። ቀለሙ የተጠራ ሰው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ አመክሮ ቢሮ ቀርቦ፣ ሰው እያየው ሽንቱን ይሰጣል። ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን በሩ ይዘጋል። ያመለጠው እንደጠጣ ይቆጠራል፦ ቀኑ ዜሮ ይገባል፣ ከአምስቱ ደረጃዎች ወደ አንደኛው ይወርዳል፣ ሁለት ቀን ይታሰራል። ሁለቱን ቀን ታስሬ ወጥቻለሁ፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

የከነከነኝ ቀኑ ነው። በየረቡዑ ፊትዎ ቆመን ስማችንንና ሳንጠጣ የቆየንበትን ቀን እንናገራለን፤ ቤቱ ያጨበጭባል። መጀመሪያ ሰሞን የመዋዕለ ሕፃናት ጨዋታ ነው ብዬ አሹፌበታለሁ። እያደር ግን ከሰኞ ጀምሮ ረቡዕን የምጠብቅ ሰው ሆኜ ተገኘሁ። ዴልበርት፣ አብሮኝ በፕሮግራሙ ያለው፣ «አባ አራት መቶ» የሚል ስም አውጥቶልኝ ነበር። ከእስር ስወጣ በር ላይ ጠብቆ «እንኳን ደህና መጣህ፣ አባ ባዶ!» አለኝ። ሳቅሁለት። ውስጤ ግን እርር ብሏል።

3. ክብርት ዳኛ እዚሁ ተወልደው ስላደጉ ወንዙ የለያቸውን የሁለቱን የሰዓት ክልሎች ጣጣ እኔ አልነግርዎትም። ፍርድ ቤቱ ያለበት የእኛ ወገን በፈጣኑ ሰዓት ይሄዳል፤ ልጄ ክሪስቲ የምትኖርበት የወንዙ ማዶ ደግሞ አንድ ሰዓት ወደኋላ በቀረው፣ በዘገምተኛው። ስልካችን አንዴ የዚህን፣ አንዴ የዚያን ማማ እየያዘ ስለሚዋልል ለሰዓት የሚያምነው የለም። ሰው የሚያየው የግድግዳ ሰዓት ነው፤ የማን ቤት ሰዓት በየትኛው እንደሚሄድም እንደ ዘመድ ስም በቃላችን እንይዛለን። ክሪስቲ ማዶ ትኑር እንጂ ሥራዋ በዚህ በኩል ካለ ክሊኒክ ስለነበር፣ የኩሽናዋን ሰዓት ስምንት ዓመት ሙሉ በፈጣኑ ስታስኬድ ኖራለች። ሚስማሩን መትቼ የሰቀልኩላት እኔ ነኝ።

እሑድ ፌብሩዋሪ 8 የአይሊ ስድስተኛ ልደት ነበር። የአመክሮ ሠራተኛዬ ጋይል ቨርቤክ እዚያ እንዳድር የጽሑፍ ፈቃድ ሰጠችኝ። ከዚያች የገና ዋዜማ ወዲህ የልጄን ቤት ደጃፍ ስረግጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሰኞ ንጋት ደወልኩ፤ ቡናማ ተጠራ። የኩሽናው ሰዓት አንድ ተኩል ይላል። ክሪስቲ፣ በሩ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ስለማታውቅ፣ «አባዬ፣ አይረፍድብህም?» አለችኝ። «ገና ነው፣ የትና የት!» አልኳት። አይሊ «አያቴ፣ አንድ ፓንኬክ ብቻ ጨምር፤ ይቺን የገለበጥኳት እኔ ነኝ» አለች። ተቃጥላ ነበር፤ በላኋት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ክሪስቲ በመኪናዋ ይዛኝ ወጣች። መንገዱ አርባ ደቂቃ ነው። እንደ ሒሳቤ ሁለት ተኩል ላይ ደረስኩ፤ እንደ ቢሮው ሦስት ተኩል ነበር።

ለካ ክሪስቲ በኦክቶበር ክሊኒኩን ትታ ማዶ ባለ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሥራ ስትጀምር ሰዓቷን ወደ ዘገምተኛው መልሳዋለች። ጎረቤቱ ያውቃል፤ ፖስተኛው ያውቃል። እኔ ያላወቅሁት ስላልነገሩኝ ነው፤ ያልነገሩኝ እዚያ ቤት ስላልነበርኩ ነው፤ ያልነበርኩበት ምክንያት ደግሞ በተራ ቁጥር 1 ተጽፏል። ጥፋተኛ ፍለጋ ብዞር ብዞር ተመልሼ ራሴ ላይ አርፋለሁ።

4. በሩን ደበደብኩ። ጋይል በመስኮቱ ብቅ ብላ «ሮድኒ፣ ሦስት ሰዓት ማለት ሦስት ሰዓት ነው» አለችኝ። «ሰዓቱ እኮ ነው! የክሪስቲ ሰዓት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እዚህ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱ ነው ያላለኝ ማን አለ?» አለች። በማግስቱ ተመርምሬ ንጹህ ሆንኩ። «እሰየው፤ ግን የማክሰኞ ሽንት የሚመሰክረው ለማክሰኞ ነው» አለችኝ። ጋይልን አልከስም። እሷ ቦታ ብሆን እኔም ራሴን አላምነውም ነበር። እንግዲህ ስለ ሰኞ ያለኝ ማስረጃ የልጄ ሰዓትና የራሴ ቃል ብቻ ነው።

5. ይህ ተራ ቁጥር ይቆየኝ። እመለስበታለሁ።

6. በማርች አጋማሽ ከፕሮግራሙ ልመረቅ ነበር። ክሪስቲ አምና ያለችኝ ይህን ነው፦ «የዳኛዋን ወረቀት ይዘህ ና፤ ያን ቀን ከአይሊ ጋር በረዶ በሠራው ሐይቅ ላይ ዓሣ ልታጠምዱ ብቻችሁን ትሄዳላችሁ። ከዚያ በፊት እንዳትጠይቀኝ፣ አባዬ።» አልጠየቅኋትም። ለአይሊ በልኳ ትንሽ ዘንግ ሠርቼ በር ጀርባ አቁሜያለሁ። ሐይቁ እስከ ማርች መጨረሻ ሰው ይሸከማል፤ ከዚያ በኋላ አይታመንም። ወደ አንደኛ ደረጃ ከወረድኩ እንኳን የዘንድሮው፣ የከርሞውም በረዶ ሊያመልጠኝ ነው። እሷም እያደገች ነው፤ ከአያት ጋር ዓሣ ማጥመድ የሚያስደስትበት ዕድሜ ደግሞ አጭር ነው።

7. ክሪስቲ በፊታችን ረቡዕ ሳምንት፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን፣ ቀርባ ስለ ሰዓቱ ለመመስከር በጠበቃዬ በኩል ተመዝግባለች። ደስ ብሎኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ደውላ የምትናገረውን አሰማችኝ። «ስለ ሰዓቱ ብቻ አይደለም የምናገረው» አለች። «አባቴ እዚህ ፕሮግራም ከገባ ወዲህ ጠብታ አልቀመሰም፣ አንዲትም ውሸት አልዋሸም ብዬ እጄን አንስቼ እምላለሁ።»

«ተይ፣ ስለ ሰዓቱ ብቻ ተናገሪ» አልኳት።

«ምነው፣ እኔ ስመሰክርልህ አፈርክ እንዴ?» ብላ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅልኝ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሰማሁ እግዜር ያውቃል። ስልኩን ዘግቼ ወደ ውጭ ወጣሁና የተጠረገ በረዶ እንደገና ጠረግሁ።

5. (ከላይ የዘለልኩት) ቅዳሜ ጁላይ 19 ቀን 2025፣ በ207ኛው ቀኔ፣ ጠጥቻለሁ።

የሳውናውን የበሰበሰ መቀመጫ ስቀይር ከሥሩ የራሴን ጠርሙስ አገኘሁ። መቼ እንደደበቅሁት እንኳ ረስቼዋለሁ። እዚህ ላይ «ሁለት ጉንጭ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ፤ ግማሽ ጠርሙስ ነው። የቀረውን ደፋሁት። የደፋሁትም ጎበዝ ሆኜ ሳይሆን የመኪና ድምፅ ሰምቼ ደንግጬ ነው። እሑድ ደወልኩ፤ ቢጫ ተጠራ። ሰኞ አረንጓዴ። ማክሰኞ እንደገና ቢጫ። ቡናማ እስከ ዓርብ አልተጠራም፤ ዓርብ ደግሞ ንጹህ ነበርኩ። በመካከሉ፣ ረቡዕ ዕለት፣ ፊትዎ ቆሜ «ሮድኒ ኪኑነን፣ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ቀን» አልኩ። ቤቱ አጨበጨበ። እርስዎም ፈገግ ብለው ከብርጭቆው ጎድጓዳ ሳህን የሽልማት ዕጣ እንዳወጣ ፈቀዱልኝ፤ ቸኮሌት ደረሰኝ። ለዴልበርት ሰጠሁት። «ምነው፣ ስኳር ጀመረህ?» አለኝ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። ይህኛው ግን እያደር ከበደኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋልም ይባላል፤ እኔን ብቅል ሲያስደብቀኝ ነው የኖረው፣ ያስወጣችኝ የልጄ መሐላ ናት። አይሊ በአራት ዓመቷ ለፖሊስ ዋሽታልኛለች። አሁን እናቷ፣ ሳታውቀው፣ ለእኔ ስትል ልትምል ነው። ሁለት ትውልድ በሐሰት ላስመሰክር? አይሆንም። ደግሞስ ስለ ሰኞ ቃሌን ብቻ ይዤ እመኑኝ ስል፣ የቅዳሜውን አፍኜ በየትኛው አፌ ነው የምለምነው?

8. ስለዚህ የምጠይቀው እንዲህ ነው። ሰኞ ፌብሩዋሪ 9 ቀን አልጠጣሁምና ከመዝገቤ ይነሳልኝ። ቅዳሜ ጁላይ 19 ቀን ጠጥቻለሁና ይመዝገብብኝ። ልጄ ይህን ወረቀት አንብባ ሳትጨርስ እጇን አንስታ እንዳትምል ይደረግልኝ፤ ካነበበችው በኋላ መምጣት ባትፈልግም የእኔ ምስክር ቀረ ተብሎ እንዳይያዝባት። ፍርድ ቤቱን ሰባት ወር በመዋሸቴ ደንቡ ከሁለት ቀን እስር የከበደ ቅጣት እንዳለው፣ ከፕሮግራሙ ሊያስወጣኝና ሦስቱን ዓመት ሊያስጀምረኝ እንደሚችልም አውቃለሁ። ከፕሮግራሙ እንዳልወጣ እለምናለሁ። ከአንደኛ ደረጃ ጀምር ከተባልኩ እጀምራለሁ፤ ንጋት 11 ሰዓት ላይ መንቃቱን እንደሆነ ለምጄዋለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ስሜ ሲጠራ የምናገረው ቁጥር እንዲፈቀድልኝም እጠይቃለሁ። በእኔ የድሮ ሒሳብ 428 ነው፤ በቢሮው ሒሳብ 16 ነው። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ፤ 221 ነው። የሚያጨበጭብ ባይኖርም ግድ የለኝም፤ ይህችን ቁጥር ጮክ ብዬ ተናግሬ ልቀመጥ።

መልስዎን በትዕግሥት እጠብቃለሁ ማለት ልማድ ነው፤ እኔ ትዕግሥት የለኝም፣ ግን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሮድኒ ኪኑነን
ቡናማ

ግልባጭ፦
— ለወ/ሮ ጋይል ቨርቤክ፣ አመክሮ ቢሮ
— ለጠበቃዬ
— ለልጄ ለክሪስቲ፤ ዋናው ለፍርድ ቤቱ ከመግባቱ ከአንድ ሰዓት በፊት በእጇ የሚሰጥ