በር ላይ ያለችው ሴትዮ

እማዬ ሆዴ፣

አፈር ከለበስሽ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። አባዬ ወጥ ቤት ገብቷል ብልሽ ታምኚኛለሽ? ጎመን ይቀቅላል፣ ጨው ይረሳል፤ ከዚያ እናትሽም ጨው አታበዛም ነበር እያለ በአንቺ ያሳብባል። እንሰቱን የሚፍቁልን የጎረቤት ሴቶች ናቸው፤ እሱ ወንድ ነኝ ብሎ ወደዚያ ዝር አይልም። ወንድሜ ታገሰ ከብሔራዊ ውትድርና ገና አልተመለሰም።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት የፊልም መኪናዋ መጣች። አንቺ ሳለሽ ያየነው ያው የጦርነት ፊልም፣ ያው የቀበሌ አዳራሽ። ጸሎት ቤታችን ሳይዘጋ በፊት ፊልም ኃጢአት ነው ይሉን የነበሩት አባባ ኤርሱሞ፣ ለመስኮቱ መሸፈኛ የገዛ ጋቢያቸውን አውሰው ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተሰየሙ። ሸራው ላይ ባቡሩ ሲመጣ አሁንም እግራቸውን ሰበሰቡ። ሆሳዕና ባቡር ያለ ይመስል።

ካድሬው እንደ ልማዱ ማይክራፎን ይዞ የባዕዱን ቋንቋ ወደ አማርኛ ይመልሳል። ወንዶቹ ሲናገሩ አንድ ቃል አያስቀርም፤ ሴትዮዋ፣ የጀግናው ሚስት፣ ስትናገር ግን «አሁን ታለቅሳለች» ብሎ ያልፋታል። ለዚህ ነበር ያን ጊዜ፣ ከኋላ ሴቶቹ መሃል ተቀምጠሽ፣ የእሷን ድርሻ አንቺ በሀዲይኛ መተርጎም የያዝሽው። የፊልሙን ቋንቋ አታውቂም፤ ከአንገቷና ከወገቧ ነበር የምትሰሚያት። ባልዲ ስታነሳ አንቺ ወገብሽን ያዝሽ፤ ሴቶቹም ሁሉ ወገባቸውን ያዙ። ወንዶቹ ከጀግናው ጋር ሲተኩሱ እኛ ከእሷ ጋር ውሃ ስንቀዳ ዋልን።

ባሏ ሊዘምት ሲወጣ ጀርባዋን ሰጥታን በር ላይ ትቆማለች፤ አፏ አይታይም። ካድሬው «ጀግና ሁን ትለዋለች» አለ። አንቺ ታገሰን በሸኘሽ በሳምንቱ ነበርና፣ «አትሂድ ነው የምትለው» አልሽ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ካድሬው ሀዲይኛ አለማወቁ በጀን። የቀበሌው ሊቀመንበር ያውቃሉ፤ ግን የእሳቸውም ልጅ ተወስዶ ነበርና ያን ቀን ጆሯቸው ደከመ።

አሁንም ሴትዮዋ በር ላይ ቆመች፤ ካድሬው ያንኑ አለ። ሴቶቹ ዞረው እኔን አዩኝ። ለሽማግሌ እንኳ መልስ የማያጣው አፌ ያንቺን ቃል ሊደግም ተከፈተ። ግን ትከሻዋን አየሁት። ሽቅብ ወጥቶ እዚያው ቀረ፤ የእኔም ትከሻ አብሮት ወጣ። በቃሬዛ ሐኪም ቤት ሲያስገቡሽ በሩ ላይ እንደወጣው። ያን ቀን አንድ ቃል ሳልልሽ ቀረሁ። ሰዉም ታዘበኝ፤ እናቷን አትወድም ያለም አልጠፋ።

«ምንም አላለችም» አልኳቸው። «ልትል ፈልጋ ነበር። አልወጣላትም።»

ባለሱቋ እትዬ ዘይነባ እጄን ያዘችኝ፤ መብራቱ እስኪበራ ድረስ አልለቀቀችኝም።

እማዬ፣ አንቺን ማረሜ አይደለም። አንቺ በታገሰ በኩል አየሻት፣ እኔ ባንቺ በኩል። መኪናዋ በመጣች ቁጥር እዚያው ሴቶቹ መሃል እቀመጣለሁ። አንቺንም ጥሩ ሴት ነበረች ብለው ሊያልፉሽ ሲሉ፣ ቆዩ እላቸዋለሁ፤ ምን ትይ እንደነበር አንድ በአንድ አሰማቸዋለሁ።

ምላሰኛዋ ልጅሽ