ሰሊጡ እስኪሰበሰብ

መስከረም 9

ጠዋት እርሻውን ዞርሁ። ሰሊጡ ከወገብ አልፏል፤ የታችኛው ቅጠል ቢጫ መሆን ጀምሯል። ሦስት ሳምንት ቢቀረው ነው። የትራክተሩ ጎማ ተንፍሶ ዋለ። ሙቀቱ ያው...

መነን ከጎንደር ደወለች። ጤናዋን ጠየቅሁ፤ ደኅና ናት። የላክሁላት አዲስ ማቀዝቀዣ እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁ። «ያቀዘቅዛል» አለች። ሌላ ምን ልትል ኖሯል?

መስከረም 13

ለራሴ ስጽፍ እንኳ ነገርን በቅደም ተከተል ማስፈር እወዳለሁ።

ኮኪት በምትባል የቆላ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተማርሁ። በጎን የጀመርሁት እርሻ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሰፋ፤ ሀብት የሚባለውም ያኔ መጣ። የዛሬ ስድስት ዓመት ሐኪሙ ለባለቤቴ ለመነን «ይህ ሙቀት ለደም ግፊትዎ አይሆንም፤ ደጋ ይውጡ» አላት። ጎንደር ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠራሁላት። «ሰሊጡ እንደተሰበሰበ እመጣለሁ» አልኋት።

ሰሊጡ ስድስት ጊዜ ተሰብስቧል። ከመከሩ በኋላ ሽያጭ አለ፤ ከሽያጩ በኋላ ምንጣሮ፣ ከዚያ እርሻ፣ ከዚያ ዘር፣ ከዚያ አረም... በገናና በፋሲካ ሦስት ሦስት ቀን እሄዳለሁ። አልጋው ላይ ለእንግዳ የሚነጠፈው አንሶላ ይነጠፍልኛል።

መስከረም 17

መስቀልን እርሻው ካምፕ ውስጥ ዋልሁ። ለሠራተኞቹ በግ አሳረድሁ።

ማታ መነን ደወለች። «ይህን ቤት ልዘጋው ነው» አለች። «ወንጌል ጥቅምት አምስት ትመጣለች። አብሬያት ሐዋሳ እሄዳለሁ።» ወንጌል ልጃችን ናት።

«ምን ጎደለሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ዘጠኝ ክፍል አለኝ። ዛሬ አንዱን እጠርጋለሁ፤ ነገ ሌላውን። ሲያልቁ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ማንም አላቆሸሻቸውም እኮ።»

«ሰሊጡ እስኪሰበሰብ ታገሺኝ።»

ሳቀች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም 20

ጥቅምት 5... ሰሊጡ የሚደርሰውም በዚያው ሳምንት ነው።

መስከረም 24

ቀኑን ሙሉ የኮኪቷ ጎጆ በዓይኔ ስትዞር ዋለች። አንድ ክፍል፣ አንድ የገመድ አልጋ። ዝናብ ሲመጣ አልጋውን ከጥግ ወደ ጥግ እንገፋ ነበር። የተማሪ ደብተር ሳርም መነን ኩራዙን ይዛ ከጎኔ ትቀመጣለች፤ ሥርዓተ ነጥብ የሌለውን ድርሰት በአንድ ትንፋሽ አንብባ ታስቀኛለች። እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ መቼ ሳቅሁ?

ይህንኑ ልነግራት ደወልሁ። «ያን ጊዜ ምንም አልነበረንም፤ ግን ደስተኞች ነበርን» አልኋት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁ።

«ደስተኛው አንተ ነበርህ» አለች። «እኔ አለልኝን የቀበርሁት ከዚያ ጎጆ አውጥቼ ነው። ወባ ይዞት፣ ጎንደር የሚያደርሰው መኪና መከራያ አጥተን። ረሳኸው?»

አልረሳሁትም። ወንዱ ልጃችን አራት ዓመቱ ነበር። ግን ጎጆዋን ሳስብ እሱን ለብቻው አስቀምጬ ኖሯል። እንዴት ይቻላል? ችያለሁ። ከቀብር ስንመለስ «ከእንግዲህ ምንም አይጎድልብሽም» ብያት ነበር። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ስድስት መቶ ሄክታር እስኪሆን ጠብቄያለሁ።

«ድህነቱ አልናፈቀኝም፤ በአፍንጫዬ ይውጣ» አለች። «ማቀዝቀዣውም ይኑር፤ ደግ አደረግህ። የናፈቀኝ ከጎንህ መቀመጡ ነው። እሱን ደግሞ በአይሱዙ ጭነህ ልትልክልኝ አትችልም።»

መስከረም 28

የአጨዳ ሠራተኞች ገቡ። አለቃቸው ያው ጎጃሜው ደሴ ነው። ሰባተኛ ዓመቱ። በጨዋታ መሐል ጠየቅሁት።

«ደሴ፣ ገንዘብ ደስታ ያመጣል ትላለህ?»

«እኔን ነው የሚጠይቁኝ? መጀመሪያ ገንዘቡ ይምጣና አይተን እንነግርዎታለን።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። አንዱ ከኋላ «ዘንድሮ የቀን ዋጋ ቢጨምሩልን እኮ ጥያቄውን አሁኑኑ እንመልስላቸው ነበር» አለ። መልሱ ተገቢ ነው፤ አልተቆጣሁም።

«ሚስትህ አትናፍቅህም?»

«እንዴት አትናፍቀኝ። ግን እኔ እኮ ስመጣም ለመመለስ ነው የመጣሁት መምህር። ኅዳር ላይ ቤቴ ነኝ። አንቱስ መቼ ነው የሚመለሱት?»

ትራክተሩን ልይ ብዬ ተነሣሁ።

ጥቅምት 1

የታችኛው ፍሬ አፉን ሊከፍት ነው። ከሦስትና ከአራት ቀን በላይ አይጠብቅም። ታጭዶ፣ ነዶው ታስሮ፣ ነዶው ተደጋግፎ የሚደርቅበት ሂላ ካልቆመ ሰሊጡን መሬት ይበላዋል። ነፋስ ከመጣማ...

ጎረቤቴን ቢሻውን አስጠራሁ። እሱም ባለ እርሻ ነው፤ የእሱ ሰሊጥ ቀድሞ ደርሶ አሳጭዷል። ዘንድሮ አጨዳውን እንዲያሠራልኝ፣ ትርፉን እኩል እንድንካፈል፣ ከከርሞ ጀምሮም መሬቱን እሱ እንዲያርሰው ነገርሁት። የያዘውን የከርከዴ ሻይ አስቀምጦ አየኝ።

«ሰሊጥ በደረሰ ሳምንት ከእርሻው የሚሄድ ሰው ወይ መርዶ መጥቶበታል፣ ወይ አብዷል። አንተ የትኛው ነህ?»

«ጎንደር መሄዴ ነው።»

«መነን ታማለች እንዴ?»

«አልታመመችም።»

«ታዲያ ዐሥር ቀን ምን አለበት? ሰብስበህ ሂድ።»

«አልታመመችም። አሁን የምሄደውም ለዚሁ ነው፤ ሳትታመም ልደርስ።»

ነገሩ የገባው አልመሰለኝም። «ሥርዓተ ነጥቡ ትክክል ይሁን ብለህ ውሉን ሦስት ጊዜ እንዳታስጽፈኝ ብቻ» አለ። ሁለት ጊዜ አስጻፍሁት።

ጥቅምት 3

ኮኪት ነኝ። የጎንደሩ መንገድ ከትናንት ጀምሮ ተዘግቷል። ለምን እንደተዘጋ የሚያውቅ የለም፤ መቼ እንደሚከፈትም። የጭነት መኪኖቹ ጫፍና ጫፋቸው አይታይም።

ነፋስ ተነሥቷል። ባጃጅ ብይዝ እርሻዬ ግማሽ ሰዓት ነው። እስኪከፈት ድረስ ብቻ አጨዳውን አይቼ ብመለስስ? ስድስት ዓመት እንዲህ እንዲህ እያልሁ አይደለም የኖርሁት?

የባጃጁ ልጅ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። አልሳፈርም አልሁት።

ጥቅምት 4

መንገዱ ተከፈተ። ማታ ጎንደር ገባሁ።

ጥቅምት 8

ጎንደር። ወንጌል በቀጠሮዋ መጥታ ትናንት ብቻዋን ተመለሰች። ስትስመኝ «አባዬ፣ እስከ መቼ ነው?» አለችኝ። ዕቃዬ ሁሉ እዚህ ነው አልኋት። አላመነችኝም፤ ሻንጣዎቹን ቆጠረች።

መነንና እኔ ምን እንደምናወራ አናውቅም። እኔ ስለ ዝናብ እጀምራለሁ፤ እሷ ስለ ጎረቤት። ቁርስ የምበላበትን ሰዓት አታውቀውም። እኔም በግራ ጆሮዋ በደንብ እንደማትሰማ አላወቅሁም ነበር። ስልኩን ሁልጊዜ በቀኝ ጆሮዋ ነው የምትይዘው ለካ።

ቢሻው ደወለ። ነፋሱ የምሥራቁን ማሳ አርግፎታል። ስልኩን ስዘጋ መነን አየችኝ።

«አዘንህ?»

«አዎን።»

«እሰይ። አላዘንሁም ብትለኝ ኖሮ እየዋሸኝ ነው እል ነበር።»

ከዚያ ወንበሯን አመጣችና ከጎኔ ተቀመጠች። ተነሥቼ በቀኟ በኩል ተቀመጥሁላት።

ጥቅምት 12

ዛሬ የሠፈሩ እድር ስብሰባ ነበር። መነን «ትመጣለህ?» አለችኝ፤ ሄድሁ። ድንኳኑ በር ላይ ወይዘሮ አሰበች የሚሏት ጎረቤት ተቀበለችን።

«መነንዬ፣ እኒህ በዓል በዓል የሚመጡት ወንድምሽ ናቸው?»

«ባለቤቴ ነው።»

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ በሞትሁት... እኛ እኮ ስናነሣቸው ነፍስ ይማር ነበር የምንለው።»

ሁለት ሴቶች ሳቃቸውን ለመደበቅ ዘወር አሉ። መነንን አየኋት።

«እኔ ሞቷል አላልሁም» አለች፤ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርሁም።»

ያን ሁሉ ክፍል የገነባሁት ለመበለት ኖሯል። ልቆጣ አሰብሁ። በማን?

የእድሩ ጸሐፊ ዘመነ የሚባል ትሑት ጎልማሳ ነው። መዝገቡን ገለጠ። በእኛ ቤት ገጽ ላይ አንድ ስም ብቻ ሰፍሯል፦ አባወራ፣ ወይዘሮ መነን ደረሰ። ከሥሯ ያሉት መሥመሮች ባዶ ናቸው።

«አባቴ፣ የእርስዎን ስም ከላይ ላድርገውና እሳቸውን ወደ ታች ላውርዳቸው?»

«አይነካ» አልሁ። «እኔን ከሥሯ ጻፈኝ።»

እስክሪብቶውን ሰጠኝ። በጥንቃቄ ጻፍሁ፦ አገኘሁ ወርቁ። ዝምድና በሚለው ዓምድ፦ ባል። ቀጥሎ ወደ ቤቱ የገባበት ቀን የሚል ዓምድ አለ። በዚህ ላይ እጄ ቆመ። ቤቱን የሠራሁበትን ዓመት ልጻፍ? እኔ ነኝ የሠራሁት...

መነን በትከሻዬ በኩል ታየኛለች።

ጥቅምት 4 ብዬ ጻፍሁ።