ምሕረት ሌባ የሆነችበት ቅዳሜ

ሶዶ፣ ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ዛሬ ምሕረትን ሸኘናት። ነርስ ናት፤ ሥራዋ ወደ ቤሌ ተዛውሯል፣ ነገ በጠዋቱ መኪና ትሄዳለች። ስንብቱን ያደረግነው እንደ ልማዳችን ኢዮብ ቤት፣ በዳይስ የምንጫወተውን የተረት ጨዋታ እየተጫወትን ነው። ኢዮብ ተረቱን ይመራል፤ እኛ ምን እንደምንሆን እንመርጣለን፤ ያሰብነው መሳካቱን የምንጥለው ዳይስ ይወስናል። እኔ መቼም ተዋጊ ነኝ። «ምሕረት ያው ፈዋሽ» አልኩና የፈዋሹን ወረቀት ገፋ አደረግሁላት።

አልተቀበለችኝም። «ዛሬስ ሌባ ልሁን» አለች።

«ማን ሊያክመን ነው ታዲያ?»

«ዳዊትዬ፣ እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሳክም ነው የምውለው። ቅዳሜ ደግሞ እዚህ መጥቼ ያንተን ቁስል አጥባለሁ። ፈዋሽነቱን አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«መች ጠየቃችሁኝ?»

ኢዮብ ቀና ብሎ አየኝ። የፈዋሹን ወረቀት መልሼ ወሰድኩ።

ሌባ ሆነች። ዘበኞቹን አታልላ፣ በመስኮት ገብታ፣ የንጉሡን ዘውድ ከራስጌው አንስታ ወጣች። ዳይሱ ጥሩ ቁጥር ባመጣላት ጊዜ ሁሉ ከወንበሯ ብድግ እያለች በሳቅ ትጮኻለች። እኔ የሚያክመኝ አጥቼ በመጀመሪያው ውጊያ ስለሞትኩ፣ እሷን ከማየት በቀር ሥራ አልነበረኝም። ስትስቅ እንዲህ መሆኗን አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ቅዳሜ አንድ ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠን!

ባጃጅ እስክታገኝ አብሬያት ቆምኩ። ይቅርታ ልላት አስቤ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «ስትደርሺ ደውዪ» ነው። «እሺ» ብላ ገባች።

አሁን ሳስበው፣ ያልጠየቅኋት ነገር ብዙ ነው። መሄዱንስ ወዳው ይሆን...