ጋሽ ማለትነው፦ በር እየጠበቁ አንደኛ ክፍልን ያስተማሩ ሰው

ጋሽ ማለትነው ከሸክላ ሠሪ እናታቸውና ደብዳቤ አዳይ ከነበሩት አባታቸው በሰኔ ወር 1937 ዓ.ም. ተወለዱ። በመዝገብ የሰፈረ ሌላ ስም ነበራቸው። ነገር ግን በዚያ ስም ሲጠሩ ራሳቸውም ዞር ብለው ሌላ ሰው ይፈልጉ ስለነበር፣ እኛ ልጆቻቸው በዚህ ጽሑፍ ሁሉም በሚያውቃቸው ስም እንጠራቸዋለን።

አባታቸው የሚናገሩት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራበትን ቋንቋ ብቻ ነበር። እናታቸው ደግሞ ከአካባቢው ቋንቋ ሌላ አያውቁም። ዘመድ እንደሚያስታውሰው፣ ሁለቱ በተጋቡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አንድም ቀን አልተጣሉም፤ ጠብ የተጀመረው መግባባት የጀመሩ ዕለት ነው። ጋሽ ማለትነው አፋቸውን እንደፈቱ የቤቱ አስተርጓሚ ሆኑ። «ጨው በዝቷል ይልሻል»፣ «ራስህ ሥራ ትልሃለች» እያሉ የሰሙትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ያደርሱ ስለነበር፣ ገና በአምስት ዓመታቸው ከሁለቱም ወገን ጥፊ ቀምሰዋል። ቢሆንም እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ቃል አለዝበው አያውቁም።

በሰባት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ገቡ። ትምህርቱ የሚሰጠው በመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ብቻ ስለነበር፣ ከጎናቸው የተቀመጡት ልጆች አንዲት ነገር አይገባቸውም ነበር። እሳቸው በሹክሹክታ ያስረዳሉ፤ መምህሩም በወሬኛነት ይገርፏቸዋል። አራተኛ ክፍል ሲደርሱ አባታቸው በማረፋቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው እናታቸውን በሸክላ ሥራ ማገዝ ጀመሩ።

በ1961 ዓ.ም. በዚያው በተማሩበት ትምህርት ቤት በዘበኝነት ተቀጠሩ። የሥራ መዘርዝራቸው ሦስት መስመር ነበረው፤ በር መጠበቅ፣ ደወል መደወልና ግቢ መጥረግ። በሩን ጠብቀዋል። ከዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬም አንድ ቀን ሳያዛንፉ በሰዓቱ መትተዋል። የመጥረጊያው ነገር ወደፊት ይነገራል።

በዚያው ዓመት ከሩቅ ከተማ አንዲት ወጣት መምህርት ተመድበው መጡ። የአካባቢውን ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቁም፤ የተሰጧቸው ስልሳ ሦስቱ የአንደኛ ክፍል ልጆች ደግሞ የእሳቸውን አያውቁም። መምህርቷ አንዱን ልጅ «ስምህ ማነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ «ስምህ ማነው!» ብሎ ይመልሳል። «ዝም በሉ!» ሲሉም ጣራው እስኪነቃነቅ ድረስ «ዝም በሉ!» ይባላል። በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ማለትነው መምህርቷን ከክፍሉ ጀርባ ሲያለቅሱ አገኟቸው።

«መምህርት፣ ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም» አሏቸው። «የሚሉት ስላልገባቸው ነው እንጂ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እርስዎ ይናገሩ። እኔ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ።»

ከማግስቱ ጀምሮ በአንድ ዓይናቸው በሩን፣ በሌላው ጥቁር ሰሌዳውን እያዩ ቆሙ። መምህርቷ አንድ ነገር ተናግረው ሲያበቁ፣ ከመስኮቱ በአካባቢው ቋንቋ ትርጉሙ ይከተላል፤ መጨረሻው ላይም ሁልጊዜ «...ማለት ነው» ይሉበታል። ልጆቹ ስሙን ያወጡላቸው ያኔ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ከስልሳ ሦስቱ አምሳ ስምንቱ ማንበብ ቻሉ።

መምህርቷም ከመስኮቱ የአካባቢውን ቋንቋ መማር ጀመሩ። የሚማሩት ልክ እንደ ልጆቹ፣ የተባለውን እየደገሙ ነበር። በ1964 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ማለትነው በዚያ ቋንቋ «ላገባሽ እፈልጋለሁ» አሏቸው። መምህርቷም በጥሩ አነጋገር «ላገባሽ እፈልጋለሁ» ብለው ደገሙ። «እንግዲህ ተስማምተናል» አሉ ጋሽ ማለትነው። እናታችን ምን እንደተባሉ ያን ዕለት በሚገባ ያውቁ እንደነበር እስከ ዛሬ ይምላሉ፤ አባታችን ግን አምነዋቸው አያውቁም። ጋብቻው በዚያው ዓመት ተፈጸመ፤ ሦስት ልጆችም አፈሩ።

በ1966 ዓ.ም. በክፍል ውስጥ ከመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ በቀር ሌላ እንዳይሰማ የሚያዝ ሰርኩላር ወጣ። ተከትሎም አንድ የትምህርት ተቆጣጣሪ መጡ። ሰውየው ቦርጫም ነበሩ። ክፍሉ ፊት ቆመው «ሰባት ሲደመር አምስት ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ተማሪው በሙሉ አንገቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ተቆጣጣሪውም ዞሩ። ጋሽ ማለትነው መጥረጊያ ይዘው ቆመዋል፤ እናታችን እንደሚሉት መጥረጊያ ይዘው የታዩት ያን ዕለት ብቻ ነው። በዚህ መሐል ፊት የተቀመጠች ልጅ ለጓደኛዋ አንድ ነገር ሹክ አለች።

«ምንድን ነው የምትለው?» አሉ ተቆጣጣሪው።

ሌላ ሰው ቢሆን «አሥራ ሁለት ነው ትላለች» ይል ነበር። ጋሽ ማለትነው ግን «ይህ ሰውዬ ሆዱ ውስጥ ምን ደብቆ ነው ትላለች፣ ማለት ነው» አሉ።

ሪፖርቱ በሁለት ሳምንት ደረሰ። «የተማሪዎቹ ውጤት አጥጋቢ ሆኖ ተገኝቷል። መስኮቱ ግን ይዘጋ» ይላል። አናጢ መጥቶ መስኮቱን በጣውላ መታው። ጋሽ ማለትነውም ከተማው ዳር ወዳለ የእህል መጋዘን ተዛወሩ። በዚያ አንድም የሚናገር ነገር አልነበረም። ቤት ሲገቡ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር፤ እናታችን ስለ እሳቸው የፈሩት ያን ጊዜ ብቻ እንደሆነ ነግረውናል። በትምህርት ቤቱም ልጆቹ አንድ በአንድ ትምህርቱን እየተዉ፣ በሁለት ወር ውስጥ ክፍሉ ውስጥ የቀሩት አሥራ ዘጠኝ ነበሩ።

ያን ጊዜ ወላጆች የወፍጮ ቤት ባለቤት የሆኑትን ሴትዮ አስቀድመው ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። ኃላፊው ተቀበሏቸው፤ ግን የሚሉትን የሚሰማ ሰው በቢሮው ውስጥ ጠፋ። «አስተርጓሚ ፈልጉ!» ተባለ። ተላላኪው ከተማውን ዞሮ ዞሮ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይዞ መጣ። የመጋዘኑ ዘበኛ ነበሩ።

«ዘበኛችንን መልሱልን» አሉ ባለወፍጮዋ።

«ዘበኛችንን መልሱልን ይላሉ» አሉ ጋሽ ማለትነው።

«እርግጥ ሰነፍ ነው። ግቢውን ጠርጎ አያውቅም። ቅጠሉ ጉልበት ይደርሳል።»

ጋሽ ማለትነው ይህንንም አንድ ቃል ሳይቀንሱ አደረሱ። «ዘበኛው ሰነፍ ነው ይላሉ። ግቢውን ጠርጎ አያውቅም፤ ቅጠሉ ጉልበት ይደርሳል።»

«ግን ልጄ በእሱ አፍ ማንበብ ጀምራ ነበር። አሁን ቤት ተቀምጣ ዱቄት ትነፋለች።»

ይህን ለመተርጎም ጀምረው አቆሙ። ሁለት ጊዜ ሞክረው በሦስተኛው ተናገሩት። ኃላፊው ቀና ብለው «ለመሆኑ ይህ ዘበኛ ማነው?» ሲሉ፣ «እኔ ነኝ» አሉ።

ኃላፊው ሰርኩላሩን መሻር አይችሉም ነበር። ስለዚህ በሳምንቱ እንዲህ የሚል ደብዳቤ ጻፉ፤ «ለአየር ዝውውር ሲባል የአንደኛ ክፍል መስኮት ይከፈት። ዘበኛው ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመለሱ። ግቢውንም ይጥረጉ።» ከሦስቱ ትእዛዞች ሁለቱ ወዲያው ተፈጽመዋል። ጋሽ ማለትነው በዚያ መስኮት ላይ ሌላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሙ።

በ1985 ዓ.ም. ሕጉ ተለወጠ። ልጆች በአፍ መፍቻቸው እንዲማሩ ተፈቀደና ቋንቋውን የሚያውቁ ረዳት መምህራን በፈተና እንዲቀጠሩ ማስታወቂያ ወጣ። ጋሽ ማለትነው በአርባ ስምንት ዓመታቸው፣ ካፖርታቸውን አስተኩሰው ቀረቡ። ከመቶው ያመጡት ሠላሳ አንድ ነበር። ቋንቋውን ዕድሜ ልካቸውን ተናገሩት እንጂ ተጽፎ አይተውት አያውቁም ነበርና። ፈተናውን ያረመችው በመስኮቱ በኩል ያስተማሯት ልጅ ነበረች፤ ወረቀቱን ስትመልስላቸው አለቀሰች።

«አይዞሽ ልጄ፣ ልክ ነው ያረምሽው» አሏት።

በማግስቱ በክፍሉ የኋላ አግዳሚ ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ፣ ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር ተቀመጡ። አስተማሪያቸው ባለቤታቸው ነበሩ። አንድ ጊዜ ከጎናቸው ላለው ልጅ ሲያስረዱ ተይዘው በወሬኛነት ጥግ ቆመዋል። በኅዳር ወር የእናታቸውን ስም በእናታቸው ቋንቋ መጻፍ ቻሉ፤ ወረቀቱንም ይዘው ወደ እሳቸው ሮጡ። ማንበብ የማያውቁት አያታችን ወረቀቱን ዘቅዝቀው ይዘው ረጅም ጊዜ አዩትና «እኔን ይመስላል» አሉ። አባታችን ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ ሳቅ ይጀምሩና ሳይጨርሱት ይቀራሉ።

በዓመቱ ዘጠና አራት አምጥተው ረዳት መምህር ሆኑ፤ ስድስቱ የተቀነሰባቸው በእጅ ጽሑፋቸው ነው። በ1997 ዓ.ም. በጡረታ እስኪሰናበቱ ድረስ በክፍሉ ውስጥ፣ ከሰሌዳው ፊት ቆመው አስተምረዋል።

ባለፈው ክረምት በልብ ድካም ሆስፒታል ገቡ። እዚያም አልጋቸው ላይ ሆነው ሐኪሙ ለክፍሉ ሕመምተኞች የሚናገረውን ሁሉ ያስረዱ ነበር። ሐኪሙ ስለ ራሳቸው ሕመም ሲናገርም፣ የመሥሪያ ቤቱን ቋንቋ ለማያውቁት ታናሽ እህታቸው ዘወር ብለው «ልቡ በጣም ደክሟል፤ ከእንግዲህ ብዙም አይቆይም ይላል» አሏቸው። አክስታችን በነጠላቸው ጫፍ መቷቸውና «እንዲህ ያለ ነገር እንደወረደ ይነገራል?» አሉ። «እሱ ያለውን ነው» ብለው አባታችን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከቤተሰባቸው መካከል ሆነው ማክሰኞ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ።

የሞት ማስረጃውን ለማውጣት ስንሄድ ጸሐፊው ሥራቸውን ጠየቀ። በመንግሥት መዝገብ ሠላሳ ስድስቱ የአገልግሎት ዓመታቸው ሲቆጠሩ ሃያ አምስቱ የዘበኝነት ናቸው፤ ወንድማችንም ያንኑ ሊናገር አፉን ከፈተ። እናታችን ክንዱን ያዙትና ወደ ጸሐፊው መስኮት ጠጋ ብለው፣ «መምህር ብለህ ጻፍ፣ የኔ ልጅ» አሉ። ጻፈ።

ጋሽ ማለትነው ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ እህታቸውንና ዛሬ በዚህ ግቢ ቆመው የሚያለቅሱትን፣ ቆጥረን ያልጨረስናቸውን ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደግ እጁ ይቀበልልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን።