ሰላሳ አንድ ቁጥር ይፈታ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1961 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ቡልቻ፣

«እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ይህ ደብዳቤ ውሸት እንዳይኖርበት ስለምፈልግ ተውኩት። ደህና አይደለሁም። ካምፑ ውስጥ ምሳዬን ብቻዬን እበላለሁ። በአንተ ቦታ የመጣው መካኒክ ወላሂ እንከን አይወጣለትም፤ ግን እኔ ዝም ስል እሱም ዝም ይላል። አንተ እኮ ዝም ስል ነዝንዘህ ታስለፈልፈኝ ነበር።

የምጽፍልህ ስለ ሰላሳ አንድ ቁጥር ነው፤ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሞተሯን እንደ ልጅ ስለጠበቅክላት አውሮፕላን። ስድስቱ አሮጌዎች ከአገልግሎት ሲወጡ፣ አምስቱ ተቆራርጠው ለመጋላ ገበያ ድስት ሠሪዎች እንዲሸጡ፣ አንዷ ግን ሳትነካ አዲስ አበባ ሙዚየም እንድትገባ ታዘዘ። አንተ እሷን መረጥክ። አለቆቹም የሚያውቃት ሰው አብሯት ሄዶ እዚያው ይንከባከባት አሉ። የዚያን ቀን ደስታህን መደበቅ አቅቶህ ለጋራዡ ሁሉ ሻይ ጋበዝክ። እኔም እንኳን ደስ አለህ አልኩህ፤ ከአንጀቴ ግን አልነበረም። ሚስቴ ሻሚስ ከሞተችብኝ ወዲህ በዚህ ከተማ ከሰው ጋር የምበላው ካንተ ጋር ብቻ ነበር። አንተ ከሄድክ ማን ይቀረኛል? ይህን ደግሞ ትልቅ ሰው እንዴት አፍ አውጥቶ ይናገራል?

አክስትህ ሞተው ለቀብር ቢዮ አዋሌ ስትሮጥ፣ የሥራ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ «31 ቁጥር ቅዳሜ ይፈታ» ብለህ ጻፍክልን። ነፋስ እንዳይገለብጣት በሽቦ ገመድ መሬት ላይ ታስራ ነበርና፣ እሁድ በራሷ ክንፍ በርራ እንድትሄድ ገመዱ ይፈታላት ማለትህ ነበር። በኛ ጋራዥ ግን ሞተርም ይፈታል፣ ክንፍም ይፈታል። ሳምንቱን ሙሉ አምስቱን ስንፈታ ነው የከረምነው። ቅዳሜ ጠዋት የቀን ሠራተኞቹ መጋዝና መፍቻ ይዘው መጡ፤ አለቃቸው አብዱላሂ እሷም እንደ አምስቱ ትፈታለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሰሌዳውን አየሁ።

«ተጽፏል እኮ፤ ፍቱ» አልኩት።

በዘጠኝ ሰዓት ስትመለስ አንዱ ክንፏ ተቆርጦ አፈር ላይ ወድቋል። ከሆዷ ሥር ተቀመጥክ። ውሃ አመጣሁልህና ጠጣህ።

ሻምበሉ ሲመረምረኝ ሶማሌነቴን መሸሸጊያ አደረግኩት። ጌታዬ፣ አማርኛዬ የገበያ ነው፣ ይፈታ ሲል እንደ ሌሎቹ መስሎኝ ነው አልኩ። ሳቀና ለቀቀኝ። አንተ ግን ግልጽ ያልሆነ ትዕዛዝ ጻፈ ተብለህ ተቀጣህ፤ የአዲስ አበባው ምደባም ተሰረዘ። እኔማ በቃ እዚሁ ልትቀርልኝ ነው ብዬ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ያን ዕለት ደህና እንቅልፍ ወሰደኝ። ወር ሳይሞላ ስንብት ጠይቀህ ጅማ፣ ወንድምህ ዘንድ ቡና መፈልፈያ ልትጠግን ተነሳህ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ? ደረሰብኝ።

ለገሃር ስሸኝህ በባቡሩ መስኮት አንገትህን አውጥተህ ያልከኝ ይኸው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ነው።

«ፋራህ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ገመዱ የምትል ቃል ብጨምር ምን ነበረበት? አንተም እኔም በሰው ቋንቋ የምንግባባ ሰዎች ነን፤ አሳጥሬ ጻፍኩብህ። ይቅር በለኝ።»

እኔም ምንም አይደል አልኩህ። አየህ ድፍረቴን! ይቅር ባይ ሆኜ ሸኘሁህ።

ቡልቻ፣ በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ የጻፍከው ነገር ያልገባኝ ቀን የለም። ያን ቅዳሜም ገብቶኝ ነበር። እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው ያስፈታኋት።

ትናንት ይህንኑ ለሻምበሉ ነገርኩት። አልሳቀም። ወረቀት ላይ አስፈርሞኝ ቤትህ ሄደህ ጠብቅ አለኝ። ሥራዬን አጣለሁ መሰለኝ፤ ያንተ ስም ግን ይጸዳል። መልስ ጻፍልኝ አልልህም፤ ያን ያህል ፊት የለኝም። ለገሃር ላይ ያቺን ቃል መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ባቡሩ ከሄደ በኋላ ሐዲዱ ላይ ቆሜ ብቻዬን ብያታለሁ፣ አልሰማኸኝም። ይቅር በለኝ።

የበደለህ ጓደኛህ
ፋራህ ገዲ