የ«ደህና ነን» እርማት

ለናፈቅሽን ልጃችን፣

ሰላምታችን ካለሽበት ይድረስ። ከጉልበቴ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ከባንዱ ወጥተሽ ለብቻሽ የሠራሽውን ዘፈን በሬዲዮ ሰማነው። ዜማው ያምራል። «ብቻዬን» የሚለውን ቃል ግን በየስንኙ ደጋግመሽዋል፤ አንድ ጊዜ ቢባልም ይገባን ነበር።

የባንዳችሁ ከበሮ መቺ ዛሬም ዕቃ ቤታችን ውስጥ ይለማመዳል። ዘፈንሽን ሲሰማ፣ «ጋሼ፣ ከበሮውን የመታላት ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተር ደግሞ አብሮ ምሳ አይበላም» አለኝ። እናትሽ ይህን ሰምታ ሰሃኑን ደግማ ሞላችለት።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ባለፈው ስትደውዪ «እንዴት ነሽ?» ብልሽ «ደህና ነን» አልሽኝ። በባንዱ ጊዜ ብዙ ስለነበራችሁ ልክ ነበር። አሁን ግን ባለቤቱ ነጠላ ሆኖ ሳለ ግሡ ብዙ ሆነ። ይህን ለእናትሽ ሳስረዳት «ባለቤት» የሚለውን ብቻ ይዛ፣ «ውይ፣ አገባች እንዴ?» ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ግን መልሱ የጠፋበት ተማሪ ድምፁን ከክፍሉ ጋር ደባልቆ እንደሚመልስ ከማስተማር ዘመኔ አውቃለሁ።

ስለዚህ እርማቱ ይኸውልሽ፦ ወይ «ደህና ነኝ»፣ ወይ «ደህና አይደለሁም» ይባላል። ሁለቱም በሰዋስው ትክክል ናቸው፤ ለሁለቱም ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።

የክፍልሽን በር እንዳይጮህ ዘይት ቀብቼዋለሁ።

እናትሽ፣ ከበሮ መቺውና እኔ በናፍቆት እንስምሻለን። እኛ ሦስት ስለሆንን ብዙ ቁጥር ይፈቀድልናል። አራተኛ ቢጨመርም ግሡ አይለወጥም።

አባትሽ